ክረምት የማያበላሸው የልብስ ሳጥን

እኛ ሰፈር አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምቱን ውሃ ይዞ ይከርማል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ስለሆነ ከሐምሌ እስከ መስከረም ወለሉ እንደቀዘቀዘ ይሰነብታል። ግድግዳ ጥግ የተቀመጠ ሻንጣ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝን ጋቢ እዚያ ውስጥ መክተት አልዋጥልኝ ስላለ ሳጥን ሠራሁለት። አሠራሩን የሚጠይቁኝ ጎረቤቶች ስለበዙ እስቲ በደንብ ላስፍረው። ከእንጨት ምርጫው እስከ ቫርኒሹ የምነግራችሁ ሁሉ እርጥበትን ለማራቅ ነው።

መጀመሪያ እንጨቱ። እንጨት ቤት በብዛት የምታገኙት የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ አዲስ አበባን ያቆመ ዛፍ ነው፤ ለአጠና፣ ለማገር፣ ለማገዶ ወደር የለውም። ለሳጥን ግን አልመክረውም። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። የፈረንጅ ጽድ ቀላል ነው፣ ለመጋዝም ለሚስማርም ይታዘዛል። የሐበሻ ጽድ ካገኛችሁማ መታደል ነው፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ነገር ግን የተፈጥሮ ጫካችን ዛፍ ስለሆነ አዲስ አታስቆርጡ። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጣውላ ፍለጋ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ማለት ይሻላል። ችፑድ ረከሰ ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ አይመለስም።

የዕቃ መጫኛ ፓሌት ፈትተው የሚሠሩም አሉ። ጎኑ ላይ የታተመውን ማኅተም እዩ። «ኤች ቲ» የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው፣ ችግር የለውም። «ኤም ቢ» የሚለው ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፤ ልብስ ለምታስቀምጡበት ሳጥን አታስቡት።

አሁን የሚገዛውን ልንገራችሁ። 20 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ባለ 4 ሜትር ጣውላ 2 ፍሬ። 4 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ ባለ 4 ሜትር ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ቋሚ እንጨት) 1 ፍሬ። ለወለሉ የሚሆን ቁራጭ ኮምፖንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ሰሌዳ)። የእንጨት ኮላ፣ ባለ 4 ሴንቲሜትርና ባለ 5 ሴንቲሜትር ብሎን፣ 2 ማጠፊያ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽ። ጣውላውን እዚያው ማሽን ላይ አስልጉት፤ ውፍረቱ ወደ 2 ሴንቲሜትር ይወርዳል። በእጅ መላጊያ ቤት ውስጥ ከመድከም ለማሽን ትንሽ ብር መክፈል ይሻላል።

ስትመርጡ አትቸኩሉ። እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች በየተራ አንሡ፤ አንዱ ከሌላው በግልጽ ከከበደ ውስጡ ውሃ አለ። ጫፉን በአንድ ዓይን ወደ ቁመቱ አነጣጥራችሁ እዩ፤ የተጣመመው ወዲያው ይታያችኋል። ከተቻለ ግዢውን ከመስቀል በኋላ አድርጉት። ክረምት ላይ ብዙ እንጨት ቤት ውስጥ ጣውላው ደጅ ስለሚቆለል ዝናቡን ጠጥቶ ነው የሚሸጥላችሁ።

እቤት እንደገባ መቁረጥ የለም። እዚህ ላይ ነው ሰው ትዕግሥት የሚያጣው። ጣውላዎቹን ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ላይ ደርድሩ። ከወለሉ ከፍ እንዲሉ ከሥር፣ በየመካከላቸውም ቁራጭ እንጨት አስገቡ፤ ከላይ ድንጋይ ጫኑባቸው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆዩ። ፀሐይ ላይ ማስጣት አያስፈልግም፤ አንዱ ፊት ቀድሞ ደርቆ ይጎብጣል። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ብዙም አያጥርም፣ በስፋቱ ግን ይቀንሳል። ያ መቀነስ ሳጥኑ ከተሠራ በኋላ ከመጣ መገጣጠሚያው ሁሉ አፉን ይከፍታል።

የሳጥኑ ልክ 80 በ38፣ የጣውላው ከፍታ ደግሞ 40 ሴንቲሜትር ነው። ለፊትና ለኋላ 80 ሴንቲሜትር የሆነ 4 ጣውላ፣ ለክዳኑ 84 የሆነ 2፣ ለሁለቱ ጎን 34 የሆነ 4 ያስፈልጋል። ከሞራሌው 45 ሴንቲሜትር የሆነ 4 ምሰሶ ቁረጡ። ጎኖቹን መጨረሻ ላይ ቁረጡ። የክዳኑን ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን አስጠግታችሁ ስፋታቸውን ለኩ፤ ከዚያ ላይ 6 ሴንቲሜትር ስትቀንሱ የጎኑን ርዝመት ታገኛላችሁ። እንዲህ ከሆነ ጣውላው ከ20 ትንሽ ቢያንስ እንኳ ክዳኑ ከፊት 2 ሴንቲሜትር ወጣ ይላል፣ ለእጅም መያዣ ይሆናል።

ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ) ከሌላችሁ ሜትር ይበቃል። ከማዕዘኑ በአንዱ በኩል 30፣ በሌላው 40 ሴንቲሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 50 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው።

ምሰሶዎቹ የሳጥኑ ውስጥ ማዕዘን ላይ ይቆማሉ። የላይኛው ጫፋቸው ከጣውላው እኩል ይሆናል፣ ከታች 5 ሴንቲሜትር ያህል ይወጣሉ። እግሩ ያ ነው። ሳጥን ቀጥታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ የሥሩ አየር ይታፈናል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይጀምራል። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይህችን 5 ሴንቲሜትር እላችኋለሁ።

መጀመሪያ ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ ከምሰሶዎቻቸው ጋር ግጠሙ። ምሰሶውን ከጣውላው ጫፍ 2 ሴንቲሜትር አግቡት፤ የጎኑ ጣውላ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ኮላ ቀቡ፣ ከዚያ ባለ 4ቱን ብሎን እሰሩ። ሚስማርም ይሠራል፤ እንጨቱ በየወቅቱ ሲያብጥና ሲጨማደድ ግን ሚስማር እየላላ ይመጣል። ለብሎኑ ቀድማችሁ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጡ፣ ጥርሱን የልብስ ሳሙና ላይ አሽት አድርጉት፤ ሳትታገሉ ይገባላችኋል። በሚስማር የምትሠሩ ከሆነ ሹል ጫፉን በመዶሻ ትንሽ መታ አድርጋችሁ አደንዝዙት፤ ጣውላውን አይሰነጥቅም።

ሁለቱን ጎን ስትገጥሙ ኮላው ሳይደርቅ ሰያፉን ለኩ። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው፣ ከዚያ ሌላውን። በዚህ ልክ ሁለቱም 88 ሴንቲሜትር ተኩል አካባቢ ይመጣሉ። ቁጥሩ ትንሽ ቢለያይ ግድ የለም፤ ሁለቱ እኩል መሆናቸው ነው ቁም ነገሩ። አንዱ ከረዘመ በዚያ በኩል ገፋ አድርጉት። ይህን ያለፈ ሰው በኋላ ክዳኑ አልገጥም ሲል ማጠፊያውን ይወቅሳል።

ለወለሉ፣ ከውስጥ በፊትና በኋላ በኩል ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ያለውን ክፍተት ለክታችሁ ሞራሌ እሰሩ። ኮምፖንሳቶውን አራቱን ማዕዘን በምሰሶው ልክ ቆርጣችሁ እላዩ ላይ አሳርፉት።

ክዳኑን ሁለት ቁራጭ ሞራሌ ያያይዘዋል፣ እያንዳንዱ 28 ሴንቲሜትር፣ ከሁለቱ ጫፍ 15 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ። እዚህ ቦታ ባለ 5ቱን ብሎን ከሞራሌው በኩል አስገቡ፤ ወደ ጣውላው የሚዘልቀው ከ1 ሴንቲሜትር ተኩል እንዳያልፍ የሞራሌውን ቀዳዳ ለጭንቅላቱ ጠለቅ አድርጉ። ኮላ አትቀቡ። ጣውላው በስፋቱ ስለሚንቀሳቀስ የዳር ዳሮቹን ቀዳዳ ሰፋ አድርጉላቸው። ክዳን የሚሰነጠቀው ጥርቅም ተደርጎ ሲታሰር ነው። ከዚያ ክዳኑን በሁለቱ ማጠፊያ ከኋላው ጣውላ ጋር አያይዙት።

ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ይህን አደራ እላለሁ። ኋላው ላይ ከፍ አድርጋችሁ ጣት የማያስገቡ ሦስት አራት ቀዳዳዎች ብሱ። ለልብሱም አየር ነው፣ ሕፃን ገብቶበት ቢዘጋ ደግሞ ትንሽም ቢሆን ይረዳል። በራሱ የሚቆለፍ መዝጊያ አትግጠሙ። ክዳኑ ከልክ በላይ ወደ ኋላ እንዳይሄድም በሁለቱም በኩል ጠንካራ ገመድ እሰሩለት።

ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ፣ አለስልሱት። ጋቢ ስንጥር ይይዛል፤ ውስጡን በመዳፋችሁ እየዳበሳችሁ እዩ። ቫርኒሹን ከውጭ ብቻ ቀብታችሁ አትተዉት። አንዱ ፊት ተቀብቶ ሌላው ባዶ ከቀረ እርጥበቱ በባዶው በኩል እየገባ ጣውላውን ያጎብጠዋል። የእግሩን ሥርና የኮምፖንሳቶውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ውሃ የሚመጥጡት እነሱ ናቸው።

ልብስ ለመክተት ሽታው እስኪለቅ ጠብቁ። ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ሳምንት አካባቢ አናፍሱት። ጋቢውንና ብርድ ልብሱን አጥባችሁ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቃችሁ ክተቱ፤ ብል ላብና ቆሻሻ ያለበትን ልብስ ይወዳል። ሳጥኑንም ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል አርቁት።