በኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ቆጥ አልጋ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ከወለል እስከ ኮርኒስ ይለኩ። ቁመቱ 2.60 ሜትር ነው እንበል። ተነሥቶ ለመቀመጥ ከፍራሹ በላይ 90 ሳንቲም ይተዋል። ፍራሹ 15፣ ብረቱና ኮምፔንሳቶው (ፍራሹ የሚያርፍበት የእንጨት ሉህ) 8 ሳንቲም ይወስዳሉ። ከሥር የሚቀረው 1.47 ነው፤ ጠረጴዛና ወንበር ወይም ሶፋ ይበቃዋል፣ ቆሞ መሄድ ግን አይታሰብም። ከታች ቆሜ ልሂድ ብሎ አልጋውን ወደ ላይ የሚገፋ ሰው በየጠዋቱ ኮርኒስ እየገጨ ይነሣል፤ በሳምንቱም ወለል ላይ መተኛት ይጀምራል።

ለሜትር ከሃያ በሜትር ከዘጠና ፍራሽ የሚከተለው ይበቃል፦ 60×40 ሚሊ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን ባዶ ብረት) ውፍረቱ 2 ሚሊ፣ ባለ 6 ሜትር 2 ቤርጋ፣ ማለትም ዘንግ (ለዙሪያው ፍሬምና ለሦስት እግር፤ አራተኛው ማዕዘን ግድግዳ ላይ ይታሰራል)፤ ለመሀል አግዳሚዎች 40×40 1 ቤርጋ፤ ለመሰላልና ለመከለያ 30×30 2 ቤርጋ፤ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ 1 ሉህ። ሉሁ 1.22 በ2.44 ስለሆነ በአንድ ቁርጥ ያልቃል። ቺፕውድ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) በዋጋው አያታልልዎት፤ በአግዳሚዎቹ መካከል ይጎብጣል፣ እርጥበት ሲነካው ደግሞ ያብጣል።

አሁን ዋናው ነገር፣ አልጋው የሚታሰርበት ግድግዳ። በእነዚህ ሕንፃዎች ሸክሙን ወደ መሬት የሚያወርዱት የኮንክሪት ኮለኖችና (ቋሚ ምሰሶዎች) ቢሞች (አግዳሚ ተሸካሚዎች) ናቸው። በመሀል ያለው ብሎኬት ክፍተት ይዘጋል እንጂ ጭነት ለመሸከም አልተሠራም። ሁለት ሰው፣ ፍራሽና ብረት ተደምረው ወደ 250 ኪሎ ይጠጋሉ፤ ሰው ሲገላበጥና ሲወጣ ሲወርድ ግፊቱ ስለሚጨምር ሥራው 5 ኩንታል እንዲችል ሆኖ ይታሰብ። ኤክስፓንሽን ብሎን የሚይዘው ጎንና ጎኑን በመግፋት ነው። ባዶ ብሎኬት ውስጥ ሲጠብቅ ስሱን ገጽ ይሰነጥቀዋል። ክፋቱ በዕለቱ አለመታወቁ ነው፤ ብሎኑ የያዘ ይመስላል፣ ከወራት በኋላ ልስኑን ይዞ ይወጣል።

ኮለኑን ለማግኘት ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ያንኳኩ። ባዶው ያስተጋባል፣ ኮንክሪቱ ድምፁን ይውጠዋል። ልስኑ ላይ ቀጥ ብሎ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን ስንጥቅ ካለ ብዙ ጊዜ የኮለኑና የብሎኬቱ መጋጠሚያ ነው። ለማረጋገጥ በ6 ቁጥር ፑንታ ይብሱ፤ ከልስኑ በኋላ ትንሽ ሄዶ ጥርቅ ብሎ ከገባ ብሎኬት ነው፤ እየታገለ ደቃቅ ግራጫ ዱቄት ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ኮንክሪት ነው። ፑንታው ድንገት ቆሞ ብረት ብረት ካለ ፌሮ (ኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት) ነክቷልና ቦታ ይቀይሩ፤ ፌሮ አይቆረጥም። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት በላይና በታች ባለው መስመር ደግሞ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል በዚያ በኩል አይብሱ።

ብዙ ጊዜ ኮለን የሚገኘው በአንድ ማዕዘን ብቻ ነው። እዚያ 12 በ25 ሳንቲም የሆነ 8 ሚሊ ላሜራ (ጠፍጣፋ ብረት) ይሰቀላል፤ ፍሬሙ የሚያርፍበት አንጎላሬ (በማዕዘን የታጠፈ ብረት) አስቀድሞ ይበየድበታል። ሁለት ባለ 12 ሚሊ ኤክስፓንሽን ብሎን፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ከኮለኑ ጠርዝ 10 ሳንቲም ገባ ብለው ይታሰራሉ። ብሎኑ ኮንክሪት ውስጥ ቢያንስ 7 ሳንቲም ይግባ። ልስኑ አይቆጠርም፤ ልስኑ 3 ሳንቲም ከሆነ ቀዳዳው 10 ይሆናል፣ ብሎኑም በዚያው ልክ ይረዝማል። ዱቄቱን በብሩሽና በፓምፕ ካላወጡ ብሎኑ አቧራ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም።

በቀሩት ሦስት ማዕዘኖች እግር ያቁሙ። «ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አልጋ እግር የለውም» የሚል ባለሙያ ይመጣል፤ አይስሙት። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የቆመ ቱቦላሬ የሚወስደው 4 ሳንቲም ነው። ከእግሩ ሥር 10 በ10 ሳንቲም ላሜራ ካልተበየደ ግን ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። እግሩ ከብሎኬቱ ጋር የሚታሰረው እንዳይወዛወዝ ብቻ ነው፤ ለዚህ ቀዳዳውን አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ሞልቶ ብሎኑን ቀብሮ አንድ ሳምንት መጠበቅ ይበቃል። አግሮስቶን (ስስ የክፍል መከፋፈያ ሰሌዳ) ላይ ይህም አይሠራም።

ብየዳው ወርክሾፕ ያልቃል፤ ቤት ውስጥ መበየድ መጋረጃና ፍራሽ ማቃጠል ነው። ግን ሙሉ ፍሬም በደረጃው መታጠፊያ ላይ አያልፍም። ስለዚህ አራቱ ማዕዘኖች በባለ 10 ሚሊ ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ የሚገጠሙ ይሁኑ፣ ሦስቱ አግዳሚዎችም እንዲሁ። እዚያው አንዴ አጋጥመው፣ ቁጥር ጽፈውበት፣ አንቲረስት ቀብተው ይፍቱት። ቤት ሲገጥሙ ብረትና ብረት በሚገናኝበት ሁሉ የከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቁራጭ ያስገቡ፤ ሌሊት የሚሰማው ሲጢጥታ የሚመጣው ከብረቶቹ መፋተግ ነው። ውሃ ልክ ሳይያዝ አይጥበቅ።

ኮምፔንሳቶው በየ20 ሳንቲሙ ይበሳ፤ አለበለዚያ ፍራሹ ከሥር ይሻግታል። መከለያው ከፍራሹ በላይ 30 ሳንቲም፣ በመስኮት በኩል ከዚያም ከፍ ያለ ይሁን። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ እዚያ አይተኛም።

ሰው ከመውጣቱ በፊት 15 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ይሙሉና በአልጋው ላይ ዘርግተው ያሳድሩ፤ 300 ኪሎ ይሆናል። ከመጫንዎ በፊት በላሜራው ዙሪያ ልስኑ ላይ በእርሳስ ያስምሩ። ጠዋት ላሜራው ከመስመሩ 1 ሚሊ እንኳ ከወረደ ብሎኑ አልያዘምና ይፈታ። ካልተነቃነቀ ውሃውን አውርደው ዳዶዎቹን ደግመው ያጥብቁ፣ ከወር በኋላም አንዴ።