«ሁሉም ኖድ ደህና ነው» ከማለታችሁ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ትንሽ ክላስተር፣ ማለትም ኖድ የሚባሉ አብረው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ፣ አስተዳድራለሁ። የማስተርስ ተማሪዎች የአየር ንብረት ሞዴልና የዘረ መል ትንተና ያስኬዱበታል፤ ሥራ የሚያከፋፍለው ስለርም የሚባል ፕሮግራም ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ስክሪፕቴ ኖድ 05 የለም ይለኛል» ብሎ መጣ። ስክሪፕቱን ሳልከፍት ምን እንዳለበት አውቄያለሁ፦ ሲንፎ (የኖዶችን ሁኔታ የሚያሳየው የስለርም ትዕዛዝ)፣ ፓይፕ (የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለሌላው የሚያቀብል ምልክት)፣ ግሬፕ (ከጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልግ ትዕዛዝ)። ሲንፎ ላይ ደጋግመን የምንሳሳትባቸውን ልዘርዝራችሁ። (ትዕዛዞቹን በአፍ እንደምንጠራቸው ነው የምጽፈው።)

በግሬፕ ማጣራት

እባካችሁ ተዉት። ሲንፎ ዝም ብላችሁ ስትጠሩት የሚያወጣው ሠንጠረዥ ለዓይን የተሠራ ነው። ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉትን ኖዶች ጠቅልሎ «ኖድ[01-08]» ብሎ በአንድ መስመር ያስቀምጣቸዋል። እዚያ ውስጥ «ኖድ05» የሚል ጽሑፍ ከየት ይመጣል? ማሽኑ መደርደሪያው ላይ መብራቱን እያብለጨለጨ ቁጭ ብሏል፤ ስክሪፕታችሁ ግን «የለም» ይላል።

«አይድል» (ሥራ ፈት) የሚለውን ስትፈልጉ ደግሞ ጎኑ ላይ ኮከብ ያለበትም አብሮ ይመጣል። ኮከቡ ጌጥ አይደለም፤ ኖዱ ቢጠሩት አቤት አላለም ማለት ነው። ያው ኮከብ ፓርቲሽን (የኖዶች ምድብ) ስም ላይ ሲሆን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ፓርቲሽን ሳይመርጡ የተላከ ጆብ (ሥራ) የሚሄደው ወደዚያ ነው። ግሬፕ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል?

ማጣሪያው እኮ ሲንፎ ውስጥ አለ። በሰረዝ ትንሹ ቲ ሁኔታውን፣ በትንሹ ፒ ፓርቲሽኑን ትነግሩታላችሁ። ትልቁ ኤን ኖዶቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፣ ትንሹ ኤች ርዕሱን ያስቀራል፣ ትንሹ አር አልመልስ ያሉትን ይጥላል፣ በትንሹ ኦ ደግሞ የምትፈልጉትን ዓምድ ብቻ ትመርጣላችሁ። የልጁን አሥራ ምናምን መስመር ወደ አንድ አወረድኩለት፤ ትንሽ ተቀየመኝ መሰለኝ።

ስትጠይቁ «ሚክስ»ንም ጨምሩ። ከፊሉ ፕሮሰሰር የተያዘ፣ ከፊሉ ባዶ የሆነ ኖድ ነው። ለአራት ኮር ሥራ ሙሉ ባዶ ማሽን መጠበቅ ቅንጦት ነው።

አንዱን ሁኔታ ብቻ መፈለግ

ይህ የራሴ ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ «ዳውን» (የወደቀ) የሚለውን ብቻ ፈለግሁ፤ ምንም አልመጣም። «ሁሉም ኖድ ደህና ነው» ብዬ ለአለቃዬ ጻፍኩ። ከ11 ቀን በኋላ አንዲት ተማሪ «ወረፋው ለምንድነው የማይንቀሳቀሰው?» ስትለኝ ነው ሁለት ኖዶች «ድሬይን» ላይ እንደነበሩ ያየሁት፤ በርተዋል፣ ግን አዲስ ሥራ አይቀበሉም። ሲንፎን በሰረዝ ትልቁ አር ብጠይቀው ምክንያቱን፣ የዘጋውን ሰውና ጊዜውን አወጣልኝ። ምክንያቱ ማራገቢያ መቀየር ይላል። የዘጋው እኔ ነኝ።

የተቆረጠ ዓምድ

በትልቁ ኦ ዓምድ ስትመርጡ፣ ስፋቱን ካልነገራችሁት እያንዳንዱ ዓምድ 20 ፊደል ብቻ ነው። የኖዶቹ ዝርዝር ከዚያ ከረዘመ ይቆረጣል፤ ስህተት የሚል መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። ከዓምዱ ስም ቀጥሎ ሁለት ነጥብ (:) እና 60 ብትጽፉ ይሰፋል። አንድ ተማሪ «ስድስት ኖድ ጠፋብኝ» ብሎ ግማሽ ቀን ማሽን ክፍል ውስጥ ኬብል ሲነካካ ነበር የዋለው።

ሜሞሪ

የኖዱ ሜሞሪ በሜጋባይት ነው የሚጻፈው። ጊጋባይት መስሏችሁ «ከ128 በላይ» ብላችሁ ካጣራችሁ ሁሉም ያልፋል። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ የመደመር ምልክት ካያችሁ ደግሞ አንድ መስመር ላይ የተጠቀለሉት ኖዶች እኩል አይደሉም፤ የምታዩት የትንሹን ነው። ሰረዝ ትንሹ ኢ የሚለያዩትን ይነጣጥላቸዋል። በጥንቃቄ የምትሠራ ልጅ ይህን ምልክት በስክሪፕቷ ቆርጣ ስትጥለው አይቻለሁ፤ «ቁጥር ስላልሆነ አስቸገረኝ» ነው ያለችኝ።

ሁለቴ መቁጠር

አንድ ኖድ ሁለት ፓርቲሽን ውስጥ ካለ ሁለት ጊዜ ይወጣል። 12 ኖድ ያለን ሰዎች በአንድ ተማሪ ሪፖርት 24 ሆነን እናውቃለን። ስሞቹን ደርድሩና ድግግሞሹን አስወጡ።

የማዋቀሪያ ፋይሉን ማመን

የስለርም ማዋቀሪያ ፋይል ተስተካክሎ ሲስተሙ ገና ላያነበው ይችላል። አሁን የሚሠራበትን «ስኮንትሮል ሾው ኮንፊግ» በሚለው ትዕዛዝ ጠይቁ።

ሲንፎን በየሰከንዱ መጥራት

የስለርም መመሪያ ራሱ ይከለክለዋል። እያንዳንዱ ጥሪ ወረፋውን ወደሚመራው ዋና ፕሮግራም ነው የሚሄደው። አንድ ከሰዓት በኋላ የሰው ሁሉ ትዕዛዝ ሲንቀራፈፍ ፈልጌ ያገኘሁት፣ የሦስት ልጆች የትዕዛዝ መስኮት በየሰከንዱ «ባዶ ኖድ አለ?» እያለ ሲጠይቅ ነው። አንደኛው እንዲያውም ትቶት አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ ወርዷል። ጆቡ ሲያልቅ ኢሜይል እንዲልክ ስክሪፕቱ ላይ አንድ መስመር ይጻፋል፤ ከምሳ ሲመለስ አሳየሁት።