የሞቶክሮስ ፕሮፌሽናል መሆን ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ መጨረስን ልመዱ

ሞቶክሮስን፣ ማለት በአፈር ሜዳ ላይ የሚደረገውን የሞተር ብስክሌት ውድድር፣ በቪዲዮ ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ዝላዩ ላይ ነው። ያምራል፣ አይካድም። እንጀራ የሚሆናችሁ ግን ዝላዩ አይደለም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳትወድቁ፣ ጉልበታችሁ ሳያልቅ፣ ሞተሩም ሳይቆምባችሁ መንዳት ነው።

በአሜሪካው የፕሮ ሞቶክሮስ ሻምፒዮና አንድ የውድድር ቀን ሁለት ሞቶ፣ ማለት ሁለት ለየብቻ የሚቆጠሩ ሩጫዎች አሉት። አንዱ ሞቶ 30 ደቂቃ ነው፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ 2 ዙር ይጨመራል። አንደኛ የወጣ 25 ነጥብ፣ ሁለተኛ 22፣ ሦስተኛ 20 ያገኛል። እስቲ ደምሩት። አንዱን ሞቶ አሸንፎ በሌላው ወድቆ የወጣ ሰው 25 ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ሁለቱንም ሦስተኛ የጨረሰው 40 ይዟል። በ2023 አውስትራሊያዊው ጄት ሎውረንስ በ450 ሲሲ ሞተር ምድብ 22ቱንም ሞቶ ሲያሸንፍ ሰው ሁሉ ስለ ፍጥነቱ አወራ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፦ 22 ጊዜ ሞተሩ እስከ መጨረሻው አደረሰው፣ 22 ጊዜ ጉልበቱ አላለቀበትም።

እንግዲህ ከሞተሩ እንነሳ። ሲሲ የሞተሩ መጠን ነው። ልጆች በ50 ሲሲ ጀምረው ወደ 65፣ ወደ 85፣ ከዚያ ወደ 125 ወይም 250 ያድጋሉ። 450 መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ትልቅ ሰው ሆናችሁ ብትጀምሩም እባካችሁ 450 አትግዙ። 110 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ነዳጁን ትንሽ ስትነኩት ክንዳችሁን የሚጎትት ነገር ነው። በእሱ ላይ ሆናችሁ መንዳት አትማሩም፣ መያዝ ብቻ ነው የምትማሩት።

ከዚያ ፊልትሮ፣ ሞተሩ የሚስበውን አየር ከአቧራ የሚያጠራው። ይሄን ሁሉም ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከምንም በላይ የምጨቀጭቀው በዚህ ነው። የሞቶክሮስ ፊልትሮ ስፖንጅ ነው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ አውጡት፣ በማጽጃው እጠቡት፣ በሁለት መዳፍ ጨምቁት፤ አታጠማዝዙት፣ ይቀደዳል። ጥላ ላይ ይድረቅ። ከዚያ የፊልትሮ ዘይት አጠጡትና ቀለሙ ሁሉም ቦታ እኩል እስኪሆን በእጃችሁ እሹት። ጠርዙን ግሪስ ቀቡት፣ መልሳችሁ ስትገጥሙትም በጣታችሁ ዙሪያውን ዳሱት። በዚያ ጠርዝ የምትገባ ትንሽ አቧራ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ትበላለች፣ ወጪውን ደግሞ እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት። ሰዓት ቆጣሪም ግጠሙ። የዚህ ሞተር ዘይት የሚቀየረው በኪሎሜትር አይደለም፣ በሠራበት ሰዓት ነው።

አሁን ወደ መነሻው እንምጣ። በፕሮ ውድድር 40 ሞተር በአንድ መስመር ቆሞ ወደ አንዲት መታጠፊያ ይሮጣል። ቀድሞ የገባ ንጹሕ አየር ያያል፣ የቀረው ሁሉ ጭቃና ድንጋይ ይበላል። ተራችሁ ሲደርስ ከጎማችሁ ሥር ያለውን አፈር በቦቲያችሁ እየረገጣችሁ ደልድሉ። የ30 ሰከንድ ሰሌዳ ይነሳል። ሰሌዳው ወደ ጎን ሲዞር ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ከፊታችሁ የቆመው የመነሻ በር ብረት ይወድቃል፣ መቼ እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም። ጎናችሁ ያለውን ሰው አትዩ፣ ዓይናችሁ ብረቱ ላይ ብቻ ይሁን። ደረት ወደ ፊት፣ ክርን ከፍ፣ አንድ ወይ ሁለት ጣት ፍሪሲዮን ላይ። ብረቱ የሚወድቀው ወደ እናንተ ስለሆነ ቸኩላችሁ ከገፋችሁ ጎማችሁ ራሱ ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል፣ እናንተ ስትታገሉ ሌላው ሄዷል። ፍሪሲዮኑን በአንዴ ከለቀቃችሁት ደግሞ የፊት ጎማው ሰማይ ያያል። በልምምድ ቀን ሌላ ምንም ሳትሠሩ ሃያ ጊዜ መነሳትን ብቻ ተለማመዱ። ይሰለቻል፣ ግን ዋጋው የሚታየው ውድድር ቀን ነው።

ሰውነት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጀማሪ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ክንዱ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ጣቶቹ ፍሬን መጫን ያቅታቸዋል። አርም ፓምፕ የሚሉት ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መሪውን አንቆ ከመያዝ ነው። ሞተሩን በሁለቱ ጉልበቶቻችሁ መሐል ቆንጥጡ፣ እጃችሁን ላላ አድርጉ። ከሞተር ስትወርዱ ብስክሌት፣ ሩጫ፣ የቀዘፋ ማሽን፤ ልብ ለግማሽ ሰዓት ከፍ ብሎ መምታትን መልመድ አለበት።

መንገዱ ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ ቴነሲ፣ ሀሪኬን ሚልስ ላይ በዘፋኟ ሎሬታ ሊን እርሻ ከ1982 ጀምሮ የሚካሄድ የአማተሮች ብሔራዊ ሻምፒዮና አለ። የአካባቢ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ የክልል ማጣሪያ፣ መጨረሻ ላይ በየምድቡ 42 ሰው ይደርሳል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ሻምፒዮኖች ሪኪ ካርማይክልም ጄምስ ስቱዋርትም እዚያ ያለፉ ናቸው፣ የቡድን ሰዎችም እዚያ ቆመው ያያሉ። አውሮፓ ከሆናችሁ በአውሮፓ ሻምፒዮናው 65፣ 85፣ 125 እና 250 እያላችሁ ወደ ዓለም ሻምፒዮናው የ250 ምድብ፣ ኤምኤክስ2 ወደሚሉት፣ ትወጣላችሁ። እሱ የዕድሜ ገደብ አለው፣ ከ23 በኋላ ወደ 450ው መሄድ ግድ ነው።

ገንዘቡን በግልጽ ልንገራችሁ። ፕሮ ሆናችሁ ማለት ደመወዝ አላችሁ ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው በራሱ ቫን፣ ከአባቱ ወይ ከጓደኛው ጋር እየዞረ፣ ጎማና ነዳጅ ከሽልማቱ እየከፈለ ነው የሚጀምረው። ትምህርታችሁን አትተዉ። ጭንቅላታችሁ ከተመታ ሐኪም ሳይፈቅድ አትመለሱ፣ ያንን ሄልሜትም አታድርጉት፣ ጭረት ባይታይበትም ሥራውን ጨርሷል።

በሩ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በሰው ጉዳት ነው፣ ማለት ያሳዝናል ግን እንደዚያ ነው። ከትልቅ ቡድን አንዱ አጥንቱ ይሰበራል፣ ሞተሩ ባዶ ይቀራል፣ የቡድኑ ኃላፊ ስልክ ያነሳል። የሚደውለው አንድ ጊዜ ለበረረው ልጅ አይደለም፣ ሳምንት በሳምንት አሥራ ሁለተኛ፣ አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ሁለተኛ እየወጣ ሞተሩን በደኅና ለሚመልሰው ነው። ስለዚህ በውድድር ወቅቱ መሐል ፓስፖርታችሁ የታደሰ፣ ቦቲያችሁ የታጠበ፣ ስልካችሁም ክፍት ይሁን።