የገና ጌጥ ከእንጨት ቁርጥራጭ፦ የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ በስክሮል ሶው መሥራት

ገና ሲቃረብ የደሴ ሱቆች የፕላስቲክ ጽድ መደርደር ይጀምራሉ። አብሮት የሚሸጠው ጌጥ ያው የምታውቁት ነው፦ የበረዶ ሰው፣ ቀንዳም አጋዘን፣ ቀይ ቆብ ያጠለቀ ሽማግሌ። አልጠላቸውም፤ ልጆች ይወዷቸዋል። ግን ላሊበላን የመሰለ ጎረቤት ይዘን የአጋዘን ንድፍ ከኢንተርኔት ስናወርድ ትንሽ ይገርመኛል። በላሊበላ ገና የንጉሡም የልደት ቀን ሆኖ ነው የሚከበረው። የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ ከላይ የተነሳ ፎቶ አይታችሁ ከሆነ ደግሞ ንድፉ ተሠርቶ ተቀምጦላችኋል፦ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ፣ ክንዳቸው እኩል የሆነ ሦስት መስቀሎች።

ለጀማሪም ከዚህ የተሻለ ንድፍ አላውቅም። ኩርባ የለውም፤ ሁሉም ቀጥታ መስመርና ማዕዘን ነው። ብዙ ሰው ስክሮል ሶው የሚባለውን መጋዝ እንዳገኘ በጥልፍ የተሞላውን የላሊበላ የእጅ መስቀል ልቁረጥ ይላል። ከዚያ ምላጭ ይሰብርና ይተወዋል። እሱ ይቆይ።

ማሽኑ

ስክሮል ሶው ትንሽ የጠረጴዛ መጋዝ ነው። በጣም ቀጭን ምላጭ ከላይና ከታች ተወጥሮ ይቆማል፣ ሞተሩ ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሰዋል። ጂግሶን እኛ ይዘን እንጨቱ ላይ እንነዳዋለን። እዚህ ግን ማሽኑ አይንቀሳቀስም፤ እንጨቱን የምናዞረው እኛ ነን። ለዚህ ነው ጠባብ ቦታ ላይ የሚያስንቀው የሌለው።

በየአናጺ ቤቱ የሚገኝ ማሽን አይደለም። ከውጭ በዘመድ የሚመጣላችሁ ከሆነ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ ቮልቱን። የአሜሪካው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የኛ መብራት 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ሞተሩን ደህና ሰንብት በሉት። ሁለተኛ የምላጩን አያያዝ። አንዳንዱ ማሽን ጫፉ ላይ ትንሽ ፒን ያለው ምላጭ ብቻ ነው የሚቀበለው። ፒኑ እንዲያልፍ ደግሞ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ ዛሬ የምንሠራውን ዓይነት ቀጭን ሥራ ያበላሻል። ፒን የሌለውን ምላጭ የሚይዝ ማሽን ምረጡ።

ማሽን የሌለው ሰውም ማንበቡን አያቁም። ቀጭን ምላጭ ያለው የእጅ ቀስት መጋዝ እና ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ሞርሳ ካለው ከታች ያለውን ሁሉ መሥራት ይችላል። ክንድ ያደክማል እንጂ ውጤቱ አይለይም።

እንጨቱ

እንጨት መግዛት አያስፈልግም። የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጺ ጋ ሄዳችሁ ቁርጥራጭ ጠይቁ። ሶፋና ቁም ሳጥን ከሚሠራበት ቤት በየቀኑ የሚጣለው ለአንድ ሰፈር ገና ይበቃል። ሻይ ከጋበዛችሁማ መርጦ ያስቀምጥላችኋል።

ለዚህ ሥራ የሚሻለው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሙሉ እንጨት ዝንባሌ፣ ማለትም ጭረቱ የሚሄድበት አቅጣጫ፣ አለው፤ በዝንባሌው አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃል። መስቀል ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ቀጭን ክንድ አለው፣ ስለዚህ አንዱ ክንድ ሁልጊዜ ደካማ ይሆናል። ኮምፔንሳቶ ግን የስስ ንብርብሮቹ ዝንባሌ እየተሻገረ ስለተጣበቀ በየትኛውም በኩል እኩል ይቋቋማል።

ሙሉ እንጨት ካማራችሁ ዋንዛ ለስላሳና ለምላጭ የሚመች ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ጽድ ሽታው ቤቱን ገና ገና ያሰኘዋል፣ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ወይራ ምላጭ ይጨርሳል። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ደግሞ ዛሬ ቀጥ ብሎ ነገ ይጣመማል። ዋንዛም ሆነ ጽድ ለጌጥ ተብሎ የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም፤ ቁርጥራጩን ብቻ ተጠቀሙ።

ንድፉን ማውጣት

ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ያዙ። ካሬው ግማሽ ሴንቲ ሜትር መሆኑን በማስመሪያ አረጋግጡ። ከዚያ አንድ መሐል ነጥብ ይዛችሁ ሦስት መስቀል ሣሉ። ትልቁ ርዝመቱ 18 ካሬ፣ የክንዱ ስፋት 6 ካሬ። መካከለኛው 16 በ4። ትንሹ 14 በ2። በትክክል ከሣላችሁ በመስመሮቹ መካከል በሁሉም በኩል አንድ ካሬ ይቀራል። ጠቅላላው 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ለዛፍም ለመስኮትም የሚመጥን መጠን ነው።

ወረቀቱን በቀጥታ እንጨቱ ላይ አትለጥፉት፣ ኋላ ለማንሳት ትቸገራላችሁ። መጀመሪያ እንጨቱን በሰፊ ፕላስተር ሸፍኑት፣ ወረቀቱን ከፕላስተሩ ላይ በኮላ ለጥፉ። ሥራው ሲያልቅ አንድ ላይ ተልጦ ይነሳል። ፕላስተሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ ምላጩ በቀላሉ እንዲንሸራተት ያደርጋል፣ የእንጨቱ ጠርዝ እንዳያርር ይረዳል።

ብዙ መሥራት የሚፈልግ ሁለት ወይም ሦስት ኮምፔንሳቶ ደራርቦ ዙሪያቸውን በፕላስተር ይሰር። በአንድ መቁረጥ ሦስት ጌጥ ይወጣል። የእያንዳንዱን ጀርባ አስቀድማችሁ ቁጥር ጻፉበት፤ የአንዱ ውስጥ በሌላው ልክ ላይገባ ይችላል።

መብሳት

ውስጠኞቹን መስቀሎች ለመቁረጥ ምላጩ መግቢያ ይፈልጋል። በ1.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ሁለት ቀዳዳ ብሱ፦ አንዱ በመካከለኛው መስቀል መስመር ላይ፣ ሌላው በትንሹ መስመር ላይ። ሁለቱንም የታችኛው ክንድ ማዕዘን ላይ አድርጓቸው፣ እዚያ ዓይን አይገባም። ከሥር የማይረባ ጣውላ ካላስቀመጣችሁ ፑንታው ሲወጣ ጀርባውን ይሰነጥቀዋል።

መቁረጥ

ቁጥር 3 ምላጭ ይበቃል። ጥርሱ ወደ እናንተና ወደ ታች መመልከት አለበት። ወደ ላይ ካየ እንጨቱን እያነሳ ያነጥርባችኋል። ከወጠራችሁ በኋላ በጣት ነካ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሆነ ጨምሩለት። የላላ ምላጭ ቀጥታ መስመር ላይ ይንከራተታል፣ ማዕዘን ላይ ደግሞ ይሰበራል።

ቅደም ተከተሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ማሽኑን አጥፉ፣ የምላጩን የላይ ጫፍ ፍቱ፣ በትንሹ መስቀል ቀዳዳ አሳልፉት፣ መልሳችሁ እሰሩና ወጥሩ። ትንሹን ቆርጣችሁ ካወጣችሁ በኋላ መካከለኛውን፣ በመጨረሻ የውጩን። ከውጭ ከጀመራችሁ ለእጅ መያዣ የሚሆን እንጨት አይቀርላችሁም።

ፍጥነቱን መካከለኛ ላይ አድርጉ። እንጨቱን በሁለት እጅ ወደ ጠረጴዛው ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ ጣት ከምላጩ ፊት ለፊት አይቀመጥም። መጀመሪያ ላይ እንጨቱ ወደ ጎን የሚሸሽ ይመስላችኋል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ብዙ ምላጮች ሲመረቱ አንድ ጎናቸው ላይ ሻካራ ጠርዝ ይቀራል፣ ወደዚያ ይስባሉ። እንጨቱን ትንሽ አጋደል አድርጎ መግፋት ነው መፍትሔው፤ በቁርጥራጭ ላይ ጥቂት መስመር ከሞከራችሁ እጃችሁ ራሱ ልኩን ያገኘዋል።

የሥራው ዋና ነገር ያለው ማዕዘኑ ላይ ነው። መስመሩ ጫፍ ስትደርሱ መግፋት አቁሙ። ምላጩ ግን መመላለሱን ይቀጥል። እንጨቱን በምላጩ ጀርባ ላይ እንደመደገፍ አድርጋችሁ ባለበት 90 ዲግሪ አዙሩት፣ ከዚያ መግፋት ቀጥሉ። ስታዞሩ ወደ ፊት ከገፋችሁ ማዕዘኑ ይከብባል። ፈርታችሁ በጣም ከዘገያችሁ ደግሞ አንዱን ቦታ ይፈጨዋል። እያንዳንዱ መስቀል 12 ማዕዘን አለው፣ ሦስቱ 36። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ስለ ማዕዘን የሚያስተምራችሁ አትፈልጉም።

የማረር ሽታ ከመጣ ወይም በኃይል መግፋት ከጀመራችሁ ምላጩ ደንዟል ማለት ነው፤ ቀይሩ። የኮምፔንሳቶ ማጣበቂያ ጥርስ ቶሎ ይበላል። በምላጭ አትቆጥቡ።

መብራት መሐል ላይ ከሄደ ደግሞ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ። ረስታችሁት ቡና ልትጠጡ ከገባችሁ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ብቻውን ይነሳል፣ ልጅ አጠገቡ ሊኖር ይችላል። መነጽርና ማስክም አድርጉ። የእንጨት ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ የኮምፔንሳቶው ደግሞ ማጣበቂያ አለበት።

ማለስለስና መግጠም

ፕላስተሩን ላጡ። ፊቱን በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ220 አለስልሱ። የውስጥ ጠርዞችን ወረቀቱን አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ንኩ፤ አብዝታችሁ ከፈገፈጋችሁ የደከማችሁበት ማዕዘን ይጠፋል።

አሁን መካከለኛውን መስቀል ለብቻው አጥቁሩት። ወፍራም ቡና በብሩሽ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት ይበቃል፣ በየመሐሉ ይድረቅ። አንድ ቡናማ መስቀል በሁለት ነጣ ባሉ መካከል ሲገባ ንድፉ ከሩቅ ይታያል። ውሃው የእንጨቱን ጭረት ስለሚያስነሳ ሲደርቅ በ220 እንደገና ዳበስ አድርጉት።

የጣሪያውን ደረጃ ለማምጣት ሦስቱን ፊታቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ መልሳችሁ ግጠሙ። ከመካከለኛው ሥር የአንድ ሚሊ ሜትር ካርቶን አስገቡ፣ ከትልቁ ሥር ሁለት ካርቶን። ካርቶኖቹ ኮላው እንዳይዛቸው በፕላስተር ይጠቅለሉ። ከጀርባ በኩል በስንጥር ጫፍ ጥቂት ነጭ ኮላ በመገጣጠሚያው ላይ አኑሩ። ሲደርቅ መስቀሎቹ ደረጃ በደረጃ ወጣ ወጣ ብለው ይቀራሉ።

እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይዝም፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። የታኅሣሥ ሌሊት በደሴ ምን እንደሚመስል ለነዋሪው አይነገርም። ስለዚህ ጠዋት አጣብቁና እኩለ ቀን ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ውስጥ አድርቁት፣ ወይም ማታ እሳት ባለበት ክፍል አሳድሩት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሞቅ ባለው ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ይህ ጭንቀት ይቀልለታል።

ቅባቱ

የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ለዚህ ሥራ አልወድም፣ ፕላስቲክ ያስመስለዋል። የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉት። ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለዋዜማ አታቆዩት። የምግብ ዘይት አይተካውም፤ አይደርቅም፣ አቧራ ይሰበስባል። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ለመስቀያ ከላይኛው ክንድ ጠርዝ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱና የጥጥ ፈትል አስገቡ።

ከዚህ በኋላ

እጃችሁ ከለመደ ቀጣዩ የሚቆም ጽድ ይሁን። 14 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ቁረጡ። አንዱን ከጫፉ እስከ መሐሉ፣ ሌላውን ከሥሩ እስከ መሐሉ ሰንጥቁ፣ አንዱን በሌላው ላይ አስገቡ። ስንጥቁ የእንጨቱን ውፍረት ያህል ብቻ ይስፋ። መስመሩን ሳትነኩ ከውስጥ ቁረጡና እየሞከሩ በብርጭቆ ወረቀት ማስፋት ይሻላል፤ አንዴ ከሰፋ መመለሻ የለውም። የገና ዱላ፣ በግ፣ ጀበና ሁሉም በዚሁ መንገድ ይወጣሉ። ዒድ ሲደርስ ለጎረቤት ጨረቃና ኮከብ መቁረጥም እንደዚያው ነው፣ እሱ ላይ ግን ኩርባ መልመድ አለባችሁ።

ሥራ ስታቆሙ ምላጩን አላልታችሁ እደሩ። እንደተወጠረ ከከረመ ምላጩም የማሽኑ ክንድም ይደክማል።