ለጫጩት ማሞቂያ ቴርሞስታት ስትገጥሙ

የአንድ ቀን ጫጩት ራሱን ማሞቅ አይችልም። ላባ እስኪያወጣ ድረስ ሙቀት የሚያገኘው ወይ ከእናቱ ክንፍ ሥር ነው ወይ ከእናንተ አምፖል። አምፖል ደግሞ ቀንና ሌሊት አይለይም። ጅማ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ወርዶ ያድርና ከሰዓት 27 ይገባል። ሌሊት የበቃው አምፖል ቀን ላይ ያቃጥላቸዋል፣ ቀን የበቃው ሌሊት ያንዘፈዝፋቸዋል። ስንቱ ሰው ነው ሌሊት እየተነሣ አምፖሉን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ የሚያድረው!

ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ፣ ይህን ሥራ ይረከባችኋል። ግን አንድ ነገር ከአሁኑ ይታወቅ። ቴርሞስታት የሚያውቀው ሴንሰሩ፣ በገመድ የተያያዘችው የሙቀት መለኪያ ጫፍ፣ ያለበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። ጫጩቶቹ ይሙቃቸው ይብረዳቸው አያውቅም። ስለዚህ ከምትሞሉት ቁጥር በላይ ሴንሰሩን የምታስሩበት ቦታ ነው ዋናው።

መጀመሪያ ሳጥኑ። አናጢ ጋ ሄዳችሁ ከኮምፔንሳቶ ማሠራት ትችላላችሁ። ለ50 ጫጩት ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ይበቃል። ረዘም ያለ እንዲሆን የምፈልገው በምክንያት ነው፦ ማሞቂያው አንድ ጫፍ ላይ ይሆንና ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ይላል። ጫጩት የሞቀው እንደሆነ የሚሸሽበት ቦታ ይኑረው። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ቢበላሽ እንኳ የሚያድናቸው ያ ቀዝቃዛ ጫፍ ነው። ወለሉ ላይ ደረቅ ሰጋቱራ አንጥፉ፣ እዚያው አናጢው ጋ አይጠፋም። ዱቄት የሆነውን ሳይሆን ፍቅፋቂውን ምረጡ። የቡና ገለባ ጅማ ላይ ሞልቷል፣ ርካሽም ነው፣ ግን ለትንንሽ ጫጩት አልመክርም፤ ይለቅሙታል፣ ካፌይኑም ሆነ እርጥበት ሲያገኘው የሚያወጣው ሻጋታ ለእነሱ ጥሩ አይደለም።

ቴርሞስታቱን በተመለከተ ሁለት ዓይነት በሰፊው ይታወቃል። ደብሊው-1209 የምትባለው ትንሽ ቦርድ ናት። በ12 ቮልት ስለምትሠራ አዳፕተር ትፈልጋለች፣ ሽፋን ስለሌላት ደግሞ አቧራውን ሁሉ ትጠጣለች። ኤስቲሲ-1000 ግን ሽፋን አለው፣ ቀጥታ በ220 ይሠራል፣ ለጫጩት ቤት እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ስትገዙ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። መልኩ አንድ ሆኖ በ12፣ በ24 እና በ110 ቮልት የሚሠራም አለና 110ን ሶኬት ላይ ከሰካችሁት አበቃለት።

ሙቀት ሰጪውን ስትመርጡ አስቡበት። ቴርሞስታት እያበራ እያጠፋ ነው የሚሠራው፤ ተራ አምፖል ከሆነ ጫጩቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲልባቸው ያድራል፣ ይደነግጣሉ፣ ጥግ ላይ ይደራረባሉ። የተሻለው ብርሃን የማያወጣው የሴራሚክ ማሞቂያ ነው። ካልተገኘ ቀዩ የኢንፍራሬድ አምፖል ይሻላል። በየትኛውም ቢሆን ለብቻዋ የምትበራ ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል ከቴርሞስታቱ ውጭ አድርጉላቸው፣ ምግባቸውንና ውሃቸውን እንዲያዩ። ኤልኢዲ ለማሞቂያነት አይሆንም፣ ሙቀት የለውማ። ለዚህች ሳጥን ደግሞ 250 ዋቱ ይበዛል፤ ከ100 እስከ 150 ዋት ይበቃታል።

ፖርታላምፓዳው የሴራሚክ ይሁን፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ማሞቂያውን በገዛ ገመዱ አታንጠልጥሉት። በሰንሰለት ወይም በወፍራም ሽቦ እሰሩት፣ ሰንሰለቱ ቢበጠስ የሚይዘው ሁለተኛ ሽቦም ጨምሩለት። ደረቅ ሰጋቱራ ላይ የወደቀ ማሞቂያ ቤት ያቃጥላል፣ ይሄ ማጋነን አይደለም።

ገመዱ እንዲህ ነው። ኤስቲሲ-1000 ጀርባው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ስምንት መግቢያዎች አሉት። 1 እና 2 ላይ ኤሌክትሪኩ ይገባል፣ 3 እና 4 የሴንሰሩ ናቸው፣ 5 እና 6 የማሞቂያው፣ 7 እና 8 የማቀዝቀዣው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ባዶ ተዋቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 5 እና 6 ላይ ነው። እነሱ ኤሌክትሪክ አያመነጩም፣ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ናቸው። ፌዙ (ኃይል ያለው ገመድ) በ5 ይገባል፣ በ6 ወጥቶ ወደ ማሞቂያው ይሄዳል፣ ኒውትራሉ (መመለሻው ገመድ) ቀጥታ ከማሞቂያው ጋር ይገናኛል። ከ220 ጋር ካልተለማመዳችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ ለሚያውቀው ሰው አጭር ሥራ ናት። ቴርሞስታቱን ራሱን ከሳጥኑ ውጭ፣ ውሃ የማይረጭበት ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

አሁን ወደ ሴንሰሩ እንምጣ። ጥቁሯ ጫፍ የምትሰቀለው ጫጩቱ በሚቆምበት ከፍታ ነው፣ ከሰጋቱራው 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከማሞቂያው ሥር መሐል ላይ ሳይሆን ሙቀቱ ማነስ በሚጀምርበት ዳር ላይ። በደንብ ትታሰር። ጫጩት ቀጭን ጥቁር ነገር አይቶ አያልፍም፣ ይነቅራል፣ ይጎትታል። ከቦታዋ ከወጣች ምን እንደሚሆን አስቡት፦ ሴንሰሯ ከሳጥኑ ውጭ ወድቃ የክፍሉን 15 ዲግሪ ታነባለች፣ ቴርሞስታቱ «ገና አልሞቀም» ብሎ ያበራል፣ ያበራል፣ አያጠፋም። መጠጫው አጠገብ ካሰራችኋት ደግሞ ትረጥብና ከእውነተኛው ሙቀት በታች ታነባለች፣ ውጤቱ ያው ነው። ዝቅ ካለች ጫጩቶቹ ይተኙባታል፤ የጫጩት ገላ ወደ 40 ዲግሪ ስለሆነ ማሞቂያው ይጠፋል፣ ዳር የቀሩት ይበርዳቸዋል። በትንሽ የወንፊት ሽቦ ከልሏት፣ ገመዷንም ሳጥኑ ግድግዳ ላይ በየመሐሉ ቸንክሩት፣ ምስማሩ ገመዱን እንዳይበሳ ተጠንቀቁ እንጂ።

ከመስቀላችሁ በፊት ትክክል ማንበቧን አረጋግጡ። ከፋርማሲ የሚገዛው ዲጂታል የትኩሳት መለኪያ ለዚህ ይሆናል። ብርጭቆ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፣ 37 ወይም 38 ዲግሪ አካባቢ፣ ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አጠጋግታችሁ ንከሩ፣ እያማሰላችሁ ጠብቁ። ትኩሳት መለኪያው 37 ብሎ ቴርሞስታቱ 38.2 ካለ በ1.2 አብዝቷል ማለት ነው። ቴርሞስታቱ ላይ ኤፍ4 የሚባለው የንባብ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ -1.2 ሙሉት።

አሞላሉ ቀላል ነው። «ኤስ» የምትለዋን ቁልፍ ወደ 3 ሰከንድ ተጫኑ፣ ኤፍ1 ይመጣል። ኤፍ1 የምትፈልጉት ሙቀት ነው፣ ለመጀመሪያው ሳምንት 33 አድርጉት። ኤፍ2 ስንት ሲቀንስ ዳግም እንዲያበራ ነው፣ 1 ዲግሪ ጥሩ ነው። 0.3 ካደረጋችሁት ቀጭ ቀጭ ሲል ይውላል፣ ሪሌዩም (ውስጡ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ) አምፖሉም ቶሎ ያልቃል። ኤፍ3 የማቀዝቀዣ ጉዳይ ነው፣ አትንኩት። ስትጨርሱ የማብሪያ ማጥፊያ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጫኑ፣ ያኔ ነው የሚይዘው።

ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ባዶውን አሠሩት። አየሩ ሞቆ ሰጋቱራው ከቀዘቀዘ በእግራቸው ይበርዳቸዋል፣ ሰጋቱራውም መሞቅ አለበት። በተለይ በክረምቱ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ጅማ ዕቃ ሁሉ እርጥበት ይዞ ስለሚውል ቀድማችሁ ጀምሩ።

ከገቡ በኋላ ቁጥሩን ትታችሁ እነሱን እዩ። ማሞቂያው ሥር ተደራርበው ጮክ ብለው የሚንጫጩ ከሆነ በርዷቸዋል። ዳር ዳር ሸሽተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ በኩል ከተጠጉ ከሌላው በኩል ንፋስ እየገባ ነው፣ ቀዳዳውን ፈልጉ። ተበታትነው፣ አንዱ እየበላ፣ አንዱ እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ በጎኑ ተኝቶ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ከሆነ ተስማምቷቸዋል። አንዱን አንሡና እግሩን ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት፤ እግሩ ከቀዘቀዘ ቴርሞስታቱ 33 ቢልም በርዶታል፣ ሴንሰሯን ዝቅ ወይም ከማሞቂያው ራቅ አድርጓት።

በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል መቀነስ አለበት። በአንዴ ግን አታውርዱት። ቴርሞስታት ካለ በቀን ግማሽ ዲግሪ እየቀነሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ እነሱም ሳይታወቃቸው ይለምዱታል።

መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል። በጄሪካን ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ፣ ላዩን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ አየር መግቢያ ግን ተዉ። ከሰል የምታስገቡ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዙ አለ፣ በተዘጋ ክፍል ጫጩቱንም እናንተንም ይገድላል። መብራት በብዛት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ የሣር ሳጥን አዘጋጁ፦ ግድግዳው መሐል ደረቅ ሣር የተጠቀጠቀ፣ ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት የሚያድሩበት ትንሽ ሳጥን ነው። የጅማ ግብርና ኮሌጅ ተመራማሪዎችም ያጠኑት ዘዴ ነው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። መብራቱ እስኪመለስ ቴርሞስታቱን ከሶኬት ንቀሉት፣ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ሊያቃጥለው ይችላል። የሞላችሁትን ቁጥር አይረሳም።

አራተኛው ሳምንት አካባቢ ኤፍ1 ወደ 23 ሲደርስ ጅማ ላይ ቀን ቀን ማሞቂያው ጨርሶ ላይበራ ይችላል። ሌሊቱን ግን ተዉላቸው። 21 ላይ አድርጋችሁት ሌሊቱን ሙሉ ሳይበራ ካደረ፣ ጫጩቶቹም ሳይደራረቡ ካደሩ፣ ማሞቂያውን አንሡት፣ ሴንሰሯንም ከሰጋቱራው አጽድታችሁ ለሚቀጥለው ዙር አስቀምጧት።