ልብ ወለድን መቋጨት፦ አንባቢ ረክቶ እንዲከድነው

የልብ ወለድ መጨረሻ አልያዝ ሲል ብዙ ጸሐፊ የመጨረሻዎቹን ሃያ ገጾች ደጋግሞ ይጽፋል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደለም። አንባቢ የሚረካው በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ልቡ ውስጥ የተተከለው ጥያቄ ሲመለስለት ነው። ጥያቄው በቅጡ ካልተነሳ መልሱ የቱንም ያህል ቢያምር ከጆሮ አያልፍም። ስለዚህ የመጨረሻው ሥራ ከፊት ይጀመራል።

በምሳሌ እንየው። ጎንደር ላይ የሚካሄድ 300 ገጽ ልብ ወለድ እንበል። ትርንጎ አዲስ አበባ ሱቅ ለመክፈት ለዓመታት ገንዘብ ስታጠራቅም ቆይታለች። አባቷ ሲሞት ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ያለው ቤት ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ ለአዳነ ይቀራል። አዳነ እህቱን ሳያማክር ከገዢ ጋር ተዋውሎ 200 ሺህ ብር ቀብድ ይቀበላል፤ ገንዘቡንም ያጠፋዋል።

መጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ፣ እያንዳንዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። የውጭው ጥያቄ፦ ቤቱ ይሸጣል ወይስ ይቀራል? የውስጡ ጥያቄ፦ እህትና ወንድም ዳግም በአንድ ገበታ ይቀርባሉ? የውጭው በ30ኛው ገጽ አካባቢ፣ የውስጡ ከ60ኛው ገጽ ሳያልፍ መታየት አለበት። ሁለቱም ያለ ምንም ኪሳራ ቢሳኩ መጨረሻው ደስ ይላል፣ ግን ቶሎ ይረሳል። ሁለቱም ቢከሽፉ አንባቢ «ታዲያ ለምን አደከመኝ?» ይላል። አንዱ የተገኘው ሌላ ነገር አስከፍሎ ሲሆን ግን ታሪኩ ከአንባቢው ጋር ይከርማል።

ቀጥሎ የውሳኔው ትዕይንት ይመጣል፤ የመጽሐፉ ክብደት ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። 300 ገጽ ባለው ሥራ ከ270 እስከ 290 ባሉት ገጾች ውስጥ ቢውል ይመረጣል። ሦስት ነገር ይጠይቁት። የሚወስነው ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው? በመወሰኑ የሚወደውን ነገር ያጣል? ይህንኑ ውሳኔ 20ኛው ገጽ ላይ ሊወስነው ይችል ነበር? የሦስተኛው መልስ «አዎ» ከሆነ በመሃል ያሉት 250 ገጾች ገጸ ባሕርዩን አልለወጡትም ማለት ነው፤ መጨረሻውን ትተው ወደዚያ ይመለሱ።

እኛ አገር ልብ ወለድ ላይ ይህን ፈተና አዘውትሮ የሚወድቀው የሽምግልና ትዕይንት ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ይመክራሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ጠበኞች ተሳስመው መጽሐፉ ያልቃል። በኑሮ ይህ መልካም ነው። በልብ ወለድ ግን ዋናዋ ሰው እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ሌሎች ወሰኑላት። ሽምግልናውን መሰረዝ ግን አያስፈልግም። 265ኛው ገጽ ላይ ያስቀምጡት፣ ሽማግሌዎቹ «ቤቱ ይሸጥ፣ አንቺም ይቅር በይው» ይበሉ። ከዚያ መቀበልም ሆነ እምቢ ማለት የእሷ ይሁን። እምቢ ብትል በሰፈሩ ፊት የምትከፍለው ነገር ስላለ ትዕይንቱ ይከብዳል።

ውሳኔው አስገራሚም ተገቢም የሚሆነው መሣሪያው ቀደም ብሎ አንባቢው እጅ ሲገባ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ቢያፈርስ የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። ይህን ዘመድ የሆነ ሰው 40ኛው ገጽ ላይ፣ ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ ሲያወራ፣ እግረ መንገዱን ይናገረው። 130ኛው ገጽ ላይ አዳነ ራሱ ይፍራው። 275ኛው ገጽ ላይ ትርንጎ ለሽያጩ ብትፈርም ቤቱ ይሄዳል፤ ባትፈርም ወንድሟ የሌለውን 400 ሺህ ብር ይጠየቃል። ያኔ የሱቋን ገንዘብ አውጥታ እጥፉን ብትከፍል አንባቢ «አላሰብኩትም ነበር» ይላል፣ ግን «ከየት መጣ?» አይልም። አንድን ወሳኝ ነገር ከመጨረሻው በፊት ሁለት ጊዜ ማሳየት ይበቃል፤ አንዴ ብቻ ከሆነ ይረሳል፣ አራት ጊዜ ከሆነ ጸሐፊው ምን እያዘጋጀ እንደሆነ ይነቃበታል።

አጋጣሚም እንዲሁ። አጋጣሚ ችግር ቢያመጣ አንባቢ ይቀበላል፤ ችግር ቢፈታ ግን ይቀየማል። ጎንደርን መቼቱ ያደረገ ጸሐፊ ትልቁ ፈተናው ጥምቀት ነው፦ ሁለት የተጠፋፉ ሰዎች በሕዝብ መሃል ድንገት ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። ይህን ትዕይንት ማዳን ይቻላል፤ በዓሉ የራሱ ሥርዓትና ሰዓት ስላለው በእሱ ይጠቀሙ። አዳነ ከሰው ተደብቆ ሳለ ትርንጎ ልታገኘው ከፈለገች፣ በየዓመቱ በሚካኤል ታቦት ፊት ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ወጣቶች አንዱ መሆኑን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይንገሩን። ያኔ በዕድል አትገጥመውም፤ የት እንደሚሆን አውቃ ትጠብቀዋለች። ሌሎቹ ታቦታት ጥር 11 ሲመለሱ የሚካኤል የሚገባው ጥር 12 ቀን ነው። ከከተራ ጀምሮ ሦስት ቀን አገኙ ማለት ነው፦ ጥር 10 ታየዋለች፣ ጥር 11 በከበሮና በእልልታ መሃል ልታናግረው ሞክራ አይሰማትም፣ ጥር 12 ታቦቱ ሲገባ መሸሻ ያጣል። ሰዓቱን የሚገፋው በዓሉ ስለሆነ ጸሐፊው አይታይም።

የተለመዱትን ሌሎች መውጫዎች ባጭሩ፦ «ለካ ሕልም ነበር» አንባቢን መካድ ነው። ሁሉን የሚያስረዳ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ከመጣ ትዕይንት መሆን የነበረበትን ወሬ ያደርገዋል። ክፉው ሰው በአንድ ሌሊት ንስሐ ከገባ ቀድሞ ሲያመነታ ሁለት ቦታ መታየት አለበት። ሞት ደግሞ ጸሐፊው መውጫ ሲያጣ የሚመዘው ከሆነ ያስታውቃል። ገጸ ባሕርዩ የሚሞተው በመረጠው ነገር ምክንያት መሆን አለበት። ሞቱ መታወቁ ግን አይጎዳም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ፍጻሜውን ሽፋኑ ላይ ጽፎ ወጣ፣ አንባቢ ግን እንዴትና በምን ምክንያት የሚለውን እየተከተለ እስከ መጨረሻው ያለቅሳል።

ረቂቁ ሲያልቅ የዕዳ መዝገብ ያውጡ። አንድ ደብተር አራት ረድፍ አድርገው ያስምሩ፦ የተከፈተ ጉዳይ፣ የተከፈተበት ገጽ፣ የተዘጋበት ገጽ፣ በማን ድርጊት እንደተዘጋ። ከፊት ገጽ ጀምረው እያነበቡ ይሙሉት። የጎረቤቷ ልጅ እርግዝና፣ የአጎቱ ኩርፊያ፣ የጠፋው ፎቶግራፍ፣ ሁሉም ይግባ። ትናንሾቹ ከ240 እስከ 265 ባሉት ገጾች ይዘጉ። ሁሉንም ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ከገፏቸው ምዕራፉ የሪፖርት መልክ ይይዛል፣ ዋናው ውሳኔም በግርግሩ ይዋጣል። አንድ ወይም ሁለት ጉዳይ አውቀው ክፍት ሊተዉ ይችላሉ፤ ያ የሚፈቀደው ግን የውጭው ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከ225ኛው ገጽ ወዲህ አዲስ ሰው አያስገቡ።

ከውሳኔው በኋላ ከ5 እስከ 15 ገጽ ይበቃል። እዚህ ላይ የሚያጓጓው ማብራራት ነው፤ አብዛኛው የተበላሸ መዝጊያም የተበላሸው በዚህ ነው። ይህን ይመልከቱ፦

«ትርንጎ ቁልፉን ይዛ ቆመች። ዘመድ ከገንዘብ እንደሚበልጥ አሁን ገባት። ሕይወት እንዲህ ናት፤ አንዱን ስትሰጥ ሌላውን ትነሳለች።»

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ይሰርዙ። አባትየው ሁለቱን ቁልፎች በአንድ ቀለበት ይይዝ እንደነበር እስከ 50ኛው ገጽ ካሳዩን የሚከተለው ይበቃል፦

«ትርንጎ አንዱን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አዳነ አላነሳውም። እሷም መልሳ አልወሰደችውም።»

ቤቱ ተርፏል፣ ገንዘቡ ሄዷል፣ እርቁ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ማንም አልነገረንም፣ ግን ገብቶናል።

በመጨረሻ ረቂቁን ላላነበቡት ሦስት ሰዎች ይስጡ፤ የሚሰጡት እስከ 250ኛው ገጽ ድረስ ብቻ ይሁን። «ምን የሚሆን ይመስልሃል? ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ለየብቻ ጠይቀው መልሱን ይጻፉ። «ወደድከው?» አይበሉ፤ ሰው ያፍርዎታል። ሦስቱም ፍጻሜውን ከነአካሄዱ ከነገሩዎት አንዱን ፍንጭ ከፊት ያውጡ። ማንም አጠገቡ ካልደረሰ አንድ ፍንጭ ይጨምሩ፤ ከ40 እስከ 130 ባሉት ገጾች መካከል ቢገባ ጥሩ ነው። ምን እንዲሆን እንደሚፈልጉ መናገር ያቃታቸው እንደሆነ ግን ለገጸ ባሕርይዋ አልሳሱም ማለት ነውና የመጀመሪያዎቹን 60 ገጾች እንደገና ይጻፉ።