ለእማማ አላርም ከመግዛታችሁ በፊት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። ልጆች ሥራ ውለው እናት ብቻቸውን የሚቀሩበት ቤት ብዙ ነው። አላርም የምለው እናት ሲወድቁ ወይም ሲቸገሩ እርዳታ የሚጠራውን ዕቃ ነው። «የቱን ዕቃ እንግዛላቸው?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «ሲጮህ ማን ይደርሳል?» እላለሁ። ለዚህ መልስ ሳይኖራችሁ ገንዘብ አታውጡ።

ቶሎ የሚደርስ ጎረቤት ፈልጉ። ዳላስ ያለው ልጅ ቢደወልለት ከመጨነቅ በቀር ምን ያደርጋል? በር ላይ ባለ ኮድ የቁልፍ ሳጥን ስቀሉ፤ ኮዱን ጥሪውን ለሚቀበለው የአላርም ድርጅት ስጡ። አለዚያ በሩ ተሰብሮ ነው የሚገባው። አፓርታማ ከሆነ አስተዳደሩን አስፈቅዱ።

ከዚያ የእማማን ውሎ አጥኑ። ዕቃውን የሠሩት ሰዎች ስግደት አያውቁም። አንዲት እናት በዐቢይ ጾም ሲሰግዱ የእጅ ሰዓታቸው «ወድቀዋል ወይ?» እያለ ያስቸግራቸው ነበር። ተናደው መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት። በኋላ ለጸሎት ሲቆሙ አውልቀው ዳዊታቸው አጠገብ እንዲያኖሩት፣ ሲጨርሱ መልሰው እንዲያስሩት ተስማማን። ፍሪጁ ሳይከፈት ከቆየ ለልጆች የሚያሳውቀው ሴንሰርም እንደዚሁ ነው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፍሪጅ የማይከፍቱ እናት ታመው አይደለም። የአልጋው ሴንሰር ደግሞ ሌሊት ለጸሎት በተነሱ ቁጥር ልጆቹን ይቀሰቅሳል። ሴንሰሮቹ የሚያስጠነቅቁበትን ሰዓት በእሳቸው ልማድ አስተካክሉት።

የእጅ ሰዓት ይሻላል ወይስ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ የሚጫኑት ቁልፍ ያለው አላርም? አፕል ዎች ከ2018ቱ ሲሪስ 4 ጀምሮ መውደቅን ይለያል። ክፉኛ ወድቀው አንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሱ ራሱ ወደ ድንገተኛ እርዳታ መስመሩ፣ 911፣ ይደውላል። ጥሩ ነው፤ ግን በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ስልክ አጠገቡ ከሌለ ደግሞ የራሱ የሞባይል መስመር ያስፈልገዋል። እኔ ለእናቶች የአንገቱን እመርጣለሁ። ከማተባቸው ጋር ግን አትቋጥሩት። የአላርሙ ክር አንገት እንዳያንቅ ሲጎተት እንዲላቀቅ ተደርጎ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው፤ ማተቡ ግን አይለቅም። ውሃ የማያበላሸውን ግዙና ሻወርም ይዘውት እንዲገቡ አስለምዷቸው። ሶፋ ላይ ትተውት ይገባሉ፤ የሚያዳልጠው ደግሞ እዚያው ሻወር ቤት ነው።

ዕቃው የገባ ዕለት የጥሪ ቁልፉን አብራችሁ ተጫኑ። ከአላርሙ ሳጥን የድርጅቱ ሠራተኛ የፈረንጅ ድምፅ ሲወጣ የሚደነግጡ አሉ። «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ እንዲጠይቁ አለማምዷቸው። ድርጅቱ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዳለው ሳትፈርሙ በፊት ጠይቁ።

ካሜራ አልወድም። ሳሎን፣ እሳቸው ከፈቀዱ፣ ይሁን። መኝታ ቤትና መታጠቢያ ግን ነውር ነው። ካለም ለእኛ ለተንከባካቢዎች ንገሩን እንጂ። ሰው ሳያውቅ መቀረጽ ማን ይወዳል?

ክፍያውን በተመለከተ፣ ኦሪጂናል ሜዲኬር፣ ማለትም መንግሥት ራሱ ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ለአላርም አይከፍልም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬይድ፣ ካላቸው ጉዳያቸውን የሚከታተለውን ኬዝ ማኔጀር ጠይቁ፤ የሚሸፈንበት ፕሮግራም አለ። ዘመድ አሮጌ ዕቃ ከሰጣችሁ ደግሞ በአሮጌው የሞባይል ኔትወርክ፣ በ3ጂ፣ የሚሠራ እንዳይሆን እዩ። ትልልቆቹ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች 3ጂን በ2022 ዘግተውታል፤ መብራቱ ቢበራም አይደውልም።